የጽርእ ታሪክና የአሰላ ተማሪ

የታሪክ ትምህርት በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው ለፈተና ቀን ብቻ የሚሸከሙት ነው፤ ሁለተኛው ግን የሰውን አስተያየት አስፍቶ ከዕድሜው ጋር አብሮ የሚኖር ነው። የመጀመሪያው ስምና ዓመት ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ነገሩ እንዴትና ስለ ምን እንደ ሆነ ይመረምራል። ከሁለቱ የትኛው በልብ እንደሚቀር ለመረዳት፥ በአርሲ ደጋ በአሰላ ከተማ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የጥንቱን የግሪክ ሥልጣኔ ለፈተና በሚያጠናበት ጊዜ ምን እንደሚያጋጥመው መመልከት ይበቃል።

ተማሪው መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው ረጅም የዓመት ዝርዝር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 የመጀመሪያው የኦሊምፒያ ውድድር፤ በ594 የሶሎን ሕግ፤ በ490 የማራቶን ጦርነት፤ ከ431 እስከ 404 የአቴናና የስፓርታ ጦርነት፤ በ399 የሶቅራጥስ ሞት፤ በ323 የታላቁ እስክንድር ሞት ይላል። እነዚህም ሆኑ ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ነው። ስለዚህ የግሪኩ ሰው የእንግሊዝ ልብስ ለብሶ ይመጣበታል። ልጁም ስሙን በቃሉ ይይዘዋል፥ በፈተናው ወረቀት ላይ ያራግፈዋል፥ በማግሥቱም ይረሳዋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ታሪኩ ከእርሱና ከአገሩ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ሆኖ ስለ ቀረበለት ነው። ዝምድናው ግን አለ።

አስቀድሞ ምድሩን መመልከት ይገባል። ግሪክ ተራራ የበዛበት፥ ሜዳ ያነሰበት አገር ነው። ተራራው አንዱን ሸለቆ ከሌላው ስለ ለየው፥ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱን ከተማ፥ የራሱን ሕግና የራሱን ሠራዊት አቆመ። አቴና፥ ስፓርታና ቆሮንቶስ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንድ መንግሥት ሳይሆኑ ከኖሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ተራራ ምን እንደ ሆነ ለአሰላ ልጅ መጽሐፍ ሊነግረው አያስፈልግም። ከተማው በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ግሪኮች የአማልክቶቻቸው ማደሪያ ያደረጉት የኦሊምፖስ ተራራ ቁመቱ ከ2,900 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ጭላሎ ግን ከ4,000 ሜትር ይበልጣል።

መመሳሰሉ እንደሚያስተምር ልዩነቱም ያስተምራል። የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚያበቅል የእህል አገር ነው። የአቴና ዙሪያ ግን ጭንጫ ስለ ነበረ ለወይራና ለወይን እንጂ ለእህል እምብዛም አልተመቸም፤ የምድሩም ፍሬ ለሕዝቡ አይበቃም ነበር። ስለዚህ አቴናውያን ስንዴያቸውን ከጥቁር ባሕር ዳርቻ በመርከብ ያስመጡ ነበር። የመርከቦቻቸው ኃይል ያስከበራቸውን ያህል ኑሯቸው በመርከብ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ስፓርታውያን የጦር መርከቦቻቸውን በማረኩባቸው ጊዜ የስንዴው መንገድ ተዘጋ፤ በሚከተለውም ዓመት ከተማይቱ በረሃብ ተጨንቃ እጅዋን ሰጠች። ተማሪው 404 የሚለውን ቁጥር ብቻ ቢይዝ ይጠፋበታል፤ የእህል እጦት ታላቋን ከተማ እንደ ጣላት ካስተዋለ ግን፥ ከገበሬ አገር የተወለደ ነውና ነገሩን ከቶ አይረሳውም።

ከምድሩ ቀጥሎ የሚጠየቀው አገዛዙ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ ቀሊስቴንስ የአቴናን ሥርዓት ካሻሻለ በኋላ፥ የከተማይቱ ወንዶች በጉባኤ ተሰብስበው ስለ ሰላምና ስለ ጦርነት ይመክሩ ነበር። ለጉባኤው ጉዳይ የሚያዘጋጁ 500 አማካሪዎችም በዕጣ እየተመረጡ ለአንድ ዓመት ብቻ ያገለግሉ ነበር። ይህን የሚያነብ የአርሲ ልጅ በአያቶቹ አገር የሚመስለውን ነገር አያጣም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት የቆየው የገዳ ሥርዓት፥ በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያገባው፥ ሥልጣን በአምስት ወገኖች መካከል በየስምንት ዓመቱ ተራ እየጠበቀ እንዲተላለፍ የሚያደርግ ነው። ሕጉም በጉባኤ ተመክሮበት ይደነገጋል። አቴና በዕጣና በአንድ ዓመት፥ ገዳ በትውልድ ተራና በስምንት ዓመት መለያየታቸው እርግጥ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ግን አንድ ፍርሃት ነው፤ ይኸውም ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይደርቅ ነው።

ሁለቱን ሲያመዛዝን ተማሪው ሌላም ነገር ያገኛል። የአቴና ሴቶች፥ ባሮችና መጻተኞች በጉባኤው ድምፅ አልነበራቸውም። የገዳ ሥልጣንም የወንዶች ነበር። ይሁን እንጂ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽራይቱ በሠርግዋ ቀን ከእናትዋ የምትቀበለው ሲንቄ የሚባል በትር አለ። ሴት በተበደለች ጊዜ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎችም ነገሩን ሳያዩ፥ በዳዩም ሳይክስ አይመለሱም። የሚዋጉ ወገኖች መካከል ሲንቄ ይዘው ከቆሙም ጠቡ ይበርዳል። ሲንቄ የጉባኤ ድምፅን አይተካም፤ ነገር ግን የአቴናን ሥርዓት ለሚመዝን ተማሪ ከአገሩ የወጣ ሚዛን ይሆነዋል። በዚህም ሚዛን አቴናን ሳያጣጥል ጉድለትዋን ለይቶ ያያል።

ስለ ማራቶን የሚነገረውም እንዲሁ ምርመራን ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው፥ መልእክተኛው ከማራቶን ሜዳ እስከ አቴና ሮጦ የድሉን ምሥራች ካሰማ በኋላ ወድቆ ሞተ የሚለውን ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዚያው መቶ ዓመት ታሪኩን የጻፈው ሄሮዶቱስ ግን ይህን አያነሣም። እርሱ የሚለው ፊዲጲዴስ የተባለ መልእክተኛ ከጦርነቱ በፊት እርዳታ ለመለመን ከአቴና ወደ ስፓርታ ሮጠ ነው፤ ይህም ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። ወድቆ ሞተ የሚለው ወሬ በጽሑፍ የተገኘው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በፕሉታርክና በሉቅያኖስ መጻሕፍት ነው። ተማሪው ይህን ሲያውቅ ከሁሉ የሚበልጠውን የታሪክ ሕግ ይማራል፤ የተነገረ ሁሉ ተደርጓል ማለት አይደለም፥ ማን እንደ ተናገረውና መቼ እንደ ተናገረው መጠየቅ ይገባል።

ኦሊምፒያ በ1896 በአቴና እንደ ገና በታደሰ ጊዜ የማራቶን ሩጫ የተጨመረው በዚሁ በኋለኛው ወሬ ምክንያት ነው። ያ ውድድር የተከፈተው ከዓድዋ ድል በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር። ልክ በመቶኛው ዓመት፥ በ1996 በአትላንታ፥ የሴቶችን ማራቶን ያሸነፈችው ከአሰላ በስተደቡብ ካለችው ከበቆጂ አካባቢ የተወለደችው ፋጡማ ሮባ ናት፤ ከአፍሪካ ሴቶችም በዚህ ሩጫ የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያይቱ ናት። አስቀድሞም በ1992 በባርሴሎና የዚያው አገር ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ነበር። በአሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1996ና በ2000፥ የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም በ2004 በራስዋ በአቴና በዚሁ ርቀት ወርቅ አግኝተዋል። በጥንቱ ኦሊምፒያ ሴት አትወዳደርም ነበር፤ ያገባች ሴትማ ለማየት እንኳ አትገባም ነበር። እንግዲህ የአርሲ ሴቶች ልጆች ከግሪኮች የተወረሰውን ጨዋታ ግሪኮች ካኖሩት ወሰን አሳልፈውታል።

እስከዚህ የተነገረው ማነጻጸር ነው። ከማነጻጸር የሚያልፈው እውነተኛው ግንኙነት የሚገኘው ግን ከአርሲ ርቆ በሰሜን፥ በአክሱም መንግሥት ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈ አንድ የጽርእ ነጋዴ፥ በዚያ አገር ይገዛ የነበረው ዞስካሌስ የጽርእን ጽሕፈት የሚያውቅ እንደ ነበረ መስክሯል። በአዱሊስ ወደብ የነበረውን የግብጹን ንጉሥ የሦስተኛውን ጰጥሎሜዎስን የጽርእ ጽሕፈት፥ ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በስድስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ካሌብ ዘመን ገልብጦታል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገንዘብ ያሠራው የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ ስሙን ያስቀረጸው በጽርእ ፊደል ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛናም ድሉን በድንጋይ ላይ በጽርእ፥ በሳባ ፊደልና በግዕዝ አስቀርጿል። ክርስትናን ሳይቀበል ባስጻፈው ላይ በግዕዙ ማሕረም የተባለው አምላክ በጽርኡ አሬስ ተብሏል፤ ከተቀበለ በኋላ ያስጻፈው የጽርእ ጽሕፈት ግን አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በዚያው ድንጋይ ላይ ሌላም ትልቅ ነገር ይነበባል። በአንዱ ሐበሻ የሚል ቃል ባለበት ስፍራ በጽርኡ ኢትዮጵያውያን ይላል። እንግዲህ አገሪቱ ዛሬ የምትጠራበት ስም ራሱ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ነው።

ይህ ውርስ በአክሱም ፍርስራሽ ብቻ የቀረ አይደለም። ፩ ከአልፋ፥ ፪ ከቤታ፥ ፫ ከጋማ፥ ፬ ከዴልታ፥ ፲ ከኢዮታ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፥ በአሰላ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የግዕዝ አኀዝ ካለበት የጽርእ ፊደል አለበት ማለት ነው። ዲያቆን፥ ጳጳስ፥ ሲኖዶስ፥ ስንክሳር፥ ሜሮንና መነኩሴ የሚባሉት ቃላት፥ ከቤት ዕቃም ጠረጴዛ፥ ሥራቸው ከጽርእ ነው። የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ወደ ግዕዝ የተመለሱት ከጽርኡ ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። መጽሐፈ ሄኖክም ከጽርእ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነበር፤ የጽርኡ መጽሐፍ ተቆራርጦ ሲቀር ምሉዕ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። ተበዳሪው የአበዳሪውን ገንዘብ ከባለቤቱ አብልጦ ጠበቀ።

ሆኖም ዝምድናው ደስ ስላሰኘ ብቻ ከልክ ማለፍ አይገባም። ሆሜር ያመሰገናቸውን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ዛሬ በዚህ ስም ለሚጠራው አገር መስጠት ስሕተት ነው። በግሪኮች አፍ ቃሉ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ነበርና፥ ከግብጽ በስተደቡብ ያሉትን ሕዝቦች ሁሉ ያጠቃልል ነበር፤ ሄሮዶቱስም በዚህ ስም የጻፈው ይበልጡን ስለ መርዌ ሰዎች ነው። የሚያኮራ ማስረጃ ሲኖር የሚያጠራጥረውን መጨመር እርግጠኛውን ያደክመዋል።

የአክሱም ሰዎች ከጽርእ ሲማሩ ያደረጉትን ማስተዋል ግን ለተማሪው ከሁሉ ይበልጣል። ከሩቅ ነጋዴ ጋር የሚገበያዩበትን ወርቅ በጽርእ ጻፉ፤ ለአገራቸው ሰው ያሰቡትን ግን ወደ ግዕዝ መለሱ፤ በዚያም ዘመን ፊደላቸው ድምፁን የሚለይበትን ምልክት አገኘ። ከእነርሱም በኋላ የመጡት ሊቃውንት ይህን መንገድ ተከተሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰ ጊዜ፥ የግሪክ ጠቢባን በግዕዝ መናገር ጀመሩ። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ፕሌቶ የተባለው በግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን፥ አርስቶትል የተባለውም አርስጣጣሊስ ነው። ተማሪው እንግዳ ናቸው ብሎ የሚሸመድዳቸው ሰዎች በአያቶቹ መጻሕፍት ቤት ከገቡ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ስለዚህ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ዓመታቱን መያዙ ተገቢ ነው፤ ያለ ዓመት ታሪክ ቅጥር እንደሌለው ግቢ ነውና። ነገር ግን ያጠናውን ማወቁን ሊፈትን ቢወድ፥ መጽሐፉን ዘግቶ፥ አቴና በእህል እጦት እንዴት እንደ ወደቀች፥ ጉባኤዋም ማንን ሰምቶ ማንን እንዳልሰማ፥ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ለእናቱና ለአባቱ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ይተርክላቸው። እነርሱም ከገዳ፥ ከሲንቄና ከእርሻቸው የሚያውቁትን ይጠይቁት። ጥያቄያቸውን ሊመልስ ከቻለ ትምህርቱ የእርሱ ሆኗል፤ ካልቻለ ግን የመምህሩ ወረቀት ሙሉ ነጥብ ቢሰጠው እንኳ ትምህርቱ ገና በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው።