የአንበጣው ቀለም

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ፣ ማሽላው እሸት ሳለ፣ የበረሃ አንበጣ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያሉበትን የይፋት ቆላ ወረረ። ገበሬው በጅራፍና በጩኸት ሲከላከል፣ አንበጣውን የመከታተሉ ትግል መሣሪያ ደግሞ የስልክ ካሜራ ነበር።

ፎቶው ለምን አስፈለገ? ቀለም ስለሚናገር ነው። ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ብቸኛውና መንጋው አንበጣ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አስረዳ። ብቻውን ያደገ የበረሃ አንበጣ ኩብኩባ አረንጓዴ ነው፤ ሲሰበሰብ ቢጫና ጥቁር ይሆናል። ክንፍ ያወጣው የመንጋ ወጣት ሮዝ ነው፤ ለእንቁላል ሲደርስ ቢጫ ይለብሳል። እንቁላል ከተጣለ ደግሞ ቀጣዩ ትውልድ እዚያው መሬት ውስጥ አለ።

ስለዚህ የአንበጣ ፎቶ ማስተካከል ከጌጥ ፎቶ ይለያል። ጥላውን ማፍካት፣ ዳሩን መቁረጥ ይቻላል። ቀለሙን ማሞቅ ግን ሮዙን ወደ ቢጫ ይገፋዋል፤ ተመልካቹም ወጣቱን ለእንቁላል የደረሰ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢሎከስት3ኤም የተባለ የስልክ መተግበሪያ አቀረቡ። ፎቶው ከተነሳበት ቦታ መረጃ ጋር ይላካል። ፎቶውን የሚያይ ባለሙያ የሚጠይቀው ቀላል ነው፤ ከጎን የተነሳ፣ ክንፉና የኋላ እግሩ ጎልተው የሚታዩበት ምስል።