ከአቡጀዲ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ፦ የኢትዮጵያና የጃፓን የድሮ ወዳጅነት

ሐርጌሳ ውስጥ ከምናያቸው መኪኖች ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ መኪኖች ናቸው። ከመኪናው በፊት ግን ወደዚህ ቀጠና በብዛት ይገባ የነበረው የጃፓን ጨርቅ ነው። በዚህ እትም የኢትዮጵያንና የጃፓንን ግንኙነት ባጭሩ እናያለን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ አገሮች የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ወር፣ በኖቬምበር 1930 ነው። ያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩዋት ነበር። ቅኝ ሳትገዛ ሠልጥና፣ በ1905 ሩሲያን የሚያህል አገር አሸንፋለችና። የ1931 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄዱ፤ ሲመለሱም ስለ አገሪቱ መጽሐፍ ጻፉ።

ንግዱም ደራ። ቀድሞ ገበያውን የያዘው የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር። የጃፓኑ በዋጋ ረከስ ስለሚል ገፍቶ አስወጣው። በጅቡቲ ወደብ ገብቶ በባቡር ወደ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ይጫን ነበር። ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን የሚሄደው ዕቃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ተቆረቆሩ። መንግሥታቸው ግን በ1936 መጨረሻ የጣሊያንን ገዢነት ተቀበለ፤ አዲስ አበባ የነበረውንም ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ አወረደው። ለምን? ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ይዛ እዚያ መንግሥት አቁማ ነበር፤ ጣሊያን ደግሞ በ1937 ለዚያ መንግሥት እውቅና ሰጠች። ነገሩ እከክልኝ ልከክልህ ነው።

በአንጻሩ የረባ ንግድ ያልነበረን ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም አለች። አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ የዚያ ውለታ መታሰቢያ ነው።

ከጃፓን ጋር ግንኙነቱ በ1955 ታደሰ፤ በ1956ም ንጉሠ ነገሥቱ ቶኪዮን ጎበኙ። ስለዚህ ታሪኩን የምናስተምረው ቂም ለመያዝ አይደለም። በጥቅም የቆመ ወዳጅነት ጥቅሙ ሲዞር አብሮ እንደሚዞር ለመረዳት ነው። እኛ አገራችንን ለቀን የወጣን ሰዎች፣ በክፉ ቀን «አልቀበልም» የሚል አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

ለክፍል ውይይት፦ በ1936 የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር? ምክንያታችሁን ጻፉ።