ቀዳዳው የማን ነው? ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ጥቂት ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ቆርቆሮ ልጻፍ እያልኩ አስተላልፈዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ "ታሪክ ንጉሥና ጦርነት ብቻ ነው እንዴ?" እያላችሁ ትሞግቱኝ ነበር። ይኸው ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነው።

ቆርቆሮ ከጥንት አብሮን የኖረ ይመስላል እንጂ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። ስሱን ብረት እንደ ሞገድ አጣጥፎ ማጠንከርን ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ደግሞ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ መንከርን አስመዘገበ። ለእኛ ቤት የበለጠ የጠቀመን ሁለተኛው ይመስለኛል። ዚንክ ብረቱን ከዝናብ መሸፈን ብቻ ሳይሆን ጭረት ሲያገኘው ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ዝገቱ ይጀምራል።

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤቱ ባብዛኛው ሳር ክዳን ነበር። ቆርቆሮ ከባሕር ወደብ በግመልና በበቅሎ ሲመጣ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የነጋዴ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጭነቱ ቀለለ፤ ከባሕር ዛፉ እንጨት ጋር ሆኖ ጭቃ ቤቱ ላይ ቆርቆሮ መምታት ቀስ በቀስ የተራው ሰውም ሆነ። ለእሳት ከሳር ይሻላል፣ በየጊዜው ልክደነው አይልም። ግን አንድ ነገር ተቀየረ። ሳር ክዳን ሲያረጅ በበጋ፣ በደቦ፣ ጠላ ተጠምቆ ይታደሳል። የቆርቆሮ ቀዳዳ የሚታወቀው በሐምሌ ነው፤ ያውም ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ላይ ሲንጠባጠብ።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። የሚበዛው ቀዳዳ የሚፈጠረው ራሱ አናጢው ከመታው ሚስማር ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ በብርድ ይሸማቀቃል። በዚህ መመላለስ ሚስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የተቧጨረው ጠርዝ ይዝጋል። ስለዚህ ነው ጥሩ አናጢ ሚስማሩን ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን በጉብታው ላይ የሚመታው፤ ከሥሩም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች ክብ የሚያስገባው። (የድሮ አውቶብስ የተሳፈረ ይህን ያውቃል፤ ፖርቶመጋላው በቡሎን የታሰረበት ቦታ ሁሉ ለተሳፋሪው አንገት ያፈስ ነበር።)

ቀዳዳ መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ውሃው የሚንጠባጠብበትና የገባበት ቦታ አንድ አይደለም፤ በቆርቆሮው ሆድና በሞራሌው ላይ ተንሸራቶ ሩቅ ሄዶ ነው የሚወርደው። ኮርኒስ የሌለው ቤት በዚህ ይታደላል። ፀሐይ በወጣ ቀን በርና መስኮቱ ይዘጋና ቀዳዳዎቹ እንደ ኮከብ ያበራሉ። አንዱ ከታች በስንደዶ ይወጋል፣ ጣሪያ ላይ ያለው ብቅ ያለችውን አይቶ ምልክት ያደርጋል። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቀለል ያለ ልጅ ነው፤ ሚስማር ያለበትን መስመር እንጂ መሀሉን እንዳይረግጥ እየተጮኸበት።

መድፈኛው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ብቻውን ግን በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል። የሚያዋጣው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ ማድረቅ፣ ሬንጅ መቀባት፣ የጆንያ ቁራጭ ማልበስ፣ እንደገና ሬንጅ መቀባት ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ቁራጭ ቆርቆሮ ጫፉ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ይመታል፤ ውሃው እንዲያልፍበት እንጂ እንዳይገባበት። ላስቲክ ዘርግቶ ድንጋይና ጎማ መጫን የአንድ ክረምት መላ ነው። ከሥሩ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ የቀረውን ጤነኛ ቆርቆሮ ያዝገዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን የከተማው መሀል በላስቲክና በድንጋይ ተሸፈነ? እዚህ ጋ ነው አዋጁ የሚመጣው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ የዝቅተኞቹም ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ አይኑር። ቀዳዳው ግን ባለቤት አጣ። የድሮው አከራይ የለም። ቀበሌ በዚያች ኪራይ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ ይቀይር? ተከራዩ ደግሞ ለማደስ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ቤቱም የእሱ አይደለም። ነገ ለማይታወቅ ቤት ማን አዲስ ቆርቆሮ ይገዛል? ላስቲኩ የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው፤ ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

በኋላ እነዚያ ሰፈሮች "ያረጁና ያፈጁ" ተብለው ሲፈርሱ የጣሪያው መልክ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቆርቆሮው ያረጀው በጊዜው ነው፤ ቤቱን ያስረጀው ግን ሳይደፈን የቆየው ቀዳዳ ነው። ውሃው ማገሩን አበሰበሰ፣ ጭቃውን አራሰ፣ ግድግዳው ዘመመ።

ከፈረሰው ቤት የወጣው ቆርቆሮ ግን አልተጣለም። "ቆራሌው!" የሚለው ጥሪ "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። ደህናው ሌላ ቦታ ጣሪያ ይሆናል፣ የተበሳሳው አጥር። በከተማው ዳር በቆርቆሮ አጥር በኩል ስታልፉ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የድሮዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረው፣ አንዳንዱ ላይ ሬንጁ እንደተለጠፈ አለ።

እናንተ ሰፈር በምን ነበር የሚደፈነው? ማስቲካም ሳሙናም የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።