በሦስት ሰው ዕድሜ የተከራየ መሬት

ዋሽንግተን እኖር በነበረበት ጊዜ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ጎረቤት ነበሩኝ። አንድ ምሽት በጨዋታ መሃል "አያቶችህን እስከ ስንት ድረስ ታውቃለህ?" አሉኝ። እኔም ገጠር እንዳደገ ሰው ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "የእኔ መርከብ ላይ ያልቃል" አሉ። በረሃቡ ዘመን ከአየርላንድ የተሰደዱት ቅድመ አያታቸው ኒውዮርክ መውረዳቸውን ያውቃሉ። የቅድመ አያታቸው አባት ማን ነበሩ? በቃ፣ አይታወቅም።

ገረመኝ። ፈረንጅ ሁሉን ነገር ጽፎ ያስቀምጣል ብዬ ነበር የማምነው። ለካ የተጻፈም ይጠፋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1922 የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር፣ ደብሊን በሚገኘው ፎር ኮርትስ በተባለ የፍርድ ቤቶች ግቢ የመሸጉትን ታጣቂዎች የመንግሥት ጦር በመድፍ ደበደባቸው። ጁን 30 ቀን ግቢው ውስጥ የነበረው የመዛግብት ቤት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። ከ1821 እስከ 1851 በየአሥር ዓመቱ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከጥቂት ቅሪት በቀር አመድ ሆነ። የ1861ና የ1871 ቆጠራ ደግሞ ቀድሞውኑ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግዶ ነበር። የ1881ንና የ1891ን አንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት አጠረን ብለው ፈጩት! ሙሉ ሆኖ የተረፈው የ1901ና የ1911 ብቻ ነው። ቅድመ አያታቸው ከነዚህ በፊት የተሰደዱ ሰው ታዲያ ወዴት ይሂዱ?

ጎረቤቴ የሄዱት ወደ መሬት ኪራይ ውል ነው።

እኛ ሊዝ ሲባል ትዝ የሚለን የከተማ ቦታ ጨረታ ነው። የአየርላንዱ የድሮ ሊዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው በሰው ዕድሜ ነበር። ባለመሬቱና ተከራዩ ሦስት ሰዎች መርጠው ስማቸውን ውሉ ላይ ያሰፍራሉ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሕይወት እስካለ ውሉ ይጸናል። የመጨረሻው ሲሞት መሬቱ ወደ ጌታው ይመለሳል። እንግዲህ ብልህ ተከራይ ማንን ያስጽፋል? ልጁን ነዋ! ጤነኛውን፣ ያድግልኛል የሚለውን ልጅ፣ ከነዕድሜው። አንዳንዶቹ ደግሞ የንጉሥ ልጅ ያስጽፉ ነበር። ልዑል ጠግቦ ስለሚበላ ቶሎ አይሞትም፤ ከሞተም አገር ሁሉ ስለሚሰማ "ሞቷል፣ አልሞተም" የሚል ክርክር የለም።

ጎረቤቴ ያሳዩኝ የ1794 ውል ቅጂም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያው ዕድሜ ተከራዩ ራሱ ነው። ሁለተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጁ። ሦስተኛው የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ልጅ የዮርክ መስፍን። መስፍኑ በ1827 ሞቷል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ግን አድጎ የዚያ ስደተኛ አባት ሆነ። ሽማግሌው ጣታቸውን "ዘጠኝ" የምትለዋ ቃል ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። እናቱ አልተጻፈችም። ወንድም እኅት ይኑረው አይኑረው ወረቀቱ አይናገርም፤ ደግሞ ምን አገባው? የቤተሰብ ታሪክ አልነበረም የያዘው።

ውሉ የተገኘበት መንገድ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ደብሊን ውስጥ በ1708 የተቋቋመ የመሬት ውል መዝገብ ቤት አለ። የተቋቋመው ከወረሳ በኋላ የባለመሬቶቹን ይዞታ ለማስከበርና መሬት በስውር ወደ ካቶሊኮች እንዳይተላለፍ ለመቆጣጠር ነበር። የመዝገቡ ማውጫዎች ሁለት ናቸው፦ አንዱ በሰጪው ስም፣ ሌላው በመሬቱ ስም። በተቀባዩ ስም ማውጫ አልተሠራም። ጭሰኛው የአያቱን ስም ይዞ ቢሄድ የሚከፈትለት በር የለም ማለት ነው። ወይ የጌታውን ስም ማወቅ አለበት፣ ወይ የመሬቱን። ጎረቤቴን ያዳናቸው አንድ የቆየ የጸሎት መጽሐፍ ላይ በእጅ የተጻፈ የቦታ ስም ነው። እንደኛ ጎጥ ያለ ትንሽ ክልል ነው፤ አየርላንድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ከ60 ሺህ በላይ አሉ። በቦታው ስም ባለመሬቱን አገኙ፣ ከባለመሬቱ ቤተሰብ የቆዩ ወረቀቶች ውስጥ ደግሞ ውሉን።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘሩን እየቆጠረ ይወርድ ነበር። ዘር መሬት ያስገኛል። እዚያ መሬት ዘር ያስገኛል፣ እሱም የሌላ ሰው መሬት።

ለነገሩ ውሉ ራሱ የሁልጊዜ አልነበረም። በ1704 የወጣው ሕግ ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛና ከ31 ዓመት በላይ እንዳይከራይ ከለከለ። በ31 ዓመት ውል ውስጥ የልጅ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ልጆቹ የሉም። በ1778 ሕጉ ላላና በሰው ዕድሜ መከራየት ተፈቀደ። በ1793 ካቶሊኮች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ደግሞ ባለመሬቶቹ ነቁ። በሰው ዕድሜ የተከራየና ከመሬቱ በዓመት 40 ሽልንግ የሚተርፈው ጭሰኛ ድምፅ አለው፣ ድምፁም የጌታው ነው። ውል እንደ ጉድ ይሰጥ ጀመር። የጎረቤቴ ዘመዶች ወረቀት ላይ የወጡትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምርጫ ሲባል። በ1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ ሲፈቀድ በምትኩ የመራጩ መስፈርት ወደ 10 ፓውንድ አሻቀበ። ከዚያ ወዲያ ለትንሽ ጭሰኛ እንዲህ ያለ ውል መስጠት ለጌታው ምን ይጠቅመዋል? ስሞቹ ከወረቀቱ ይሳሳሉ። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ተቆጠረ። የሞተው በውል ከተመዘገበው ይልቅ ውል ያልነበረው ነው የሚበዛው፤ መሬቱን በጌታው ፈቃድ ብቻ የያዘው፣ ወይም ጎጆና የድንች ማሳ በጉልበቱ የሚከራየው።

የጎረቤቴ የእናታቸው ወገን ከእነዚህ ነበሩ። እዚያ በኩል ምንም ውል አልተገኘም። የተረፈው ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል በሪቻርድ ግሪፊዝ የበላይነት የተሠራው የንብረት ግምት ነው፤ ቤት ያለው ሁሉ ተጽፎበታል። የእናታቸው አያት ይኖሩበታል በተባለው ጎጥ፣ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል። ሁለቱ ትንሽ መሬት አላቸው። የሦስተኛው ስም ፊት ለፊት "ቤት" ብቻ ይላል።

ሽማግሌው ሦስቱንም በእርሳስ ከበው ነበር ያሳዩኝ።