ዲፓርትመንት መቀየር

በዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ከተመደበበት የትምህርት ክፍል ወደ ሌላ የሚዛወርበት አሠራር። በአብዛኞቹ የመንግሥት ተቋማት ነገሩ የሚጀምረው ከምደባ ነው። ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደለድለው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ዲፓርትመንቱ ደግሞ ተማሪው በቅደም ተከተል በሞላው ምርጫ፣ በውጤቱና ባለው ቦታ ይወሰናል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የ70/30 ፖሊሲ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ስለመራ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ምርጫው የደረሰው ብዙ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት መመለሱ ውሳኔውን አዘገየው። ተማሪው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና የኢትዮጵያ ጂኦግራፊን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶችን ወስዶ ነው የሚመርጠው። ሆኖም ከተፈጥሮ ሳይንስ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መሻገር ዲፓርትመንት ከመቀየር ይከብዳል።

ለመዛወር በማመልከቻው ላይ ለቃቂውም ተቀባዩም ክፍል ይፈርማሉ፤ ሬጅስትራር ይመዘግባል። ጊዜው ሴሚስተሩ ሲከፈት ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ሲያልፉ ፊርማ ይዞ መዞር ትርፉ ድካም ነው። የተወሰዱት ኮርሶች ከአዲሱ ካሪኩለም ጋር ካልገጠሙ እንደገና መማር፣ ምናልባትም አንድ ዓመት መጨመር አለ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በየትምህርት መስኩ ስለሚሰጥ፣ ዘግይቶ የቀየረ ተማሪ የሚፈተነው አብረውት ከሚመረቁት እኩል ነው።