የፀጉር ፖሮሲቲ፦ ፀጉርዎ ውሃ እንዴት ያስገባል፣ እንዴትስ ይይዛል?

ፖሮሲቲ ማለት ፀጉር ውሃና ቅባት የማስገባትና ይዞ የማቆየት አቅም ነው። ከእህትዎ ጋር አንድ ዓይነት ለጋ ቅቤ ተቀብታችሁ የእሷ ፀጉር ሲለሰልስ የእርስዎ ላይ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ ከቀረ፣ ጥፋቱ የቅቤው ላይሆን ይችላል።

የእያንዳንዱ ፀጉር ውጫዊ ክፍል እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተሸፈነ ነው። ሽፋኖቹ ተጣብቀው ከተኙ ውሃ በቀላሉ አይገባም፤ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ይህ ዝቅተኛ ፖሮሲቲ ይባላል። ከተነሱ ወይም ከተሰበሩ ውሃው ወዲያው ይገባል፣ ወዲያውም ይወጣል። ይህ ከፍተኛ ፖሮሲቲ ነው።

አብሮን የሚወለድ ልዩነት አለ። ብዙውን ጉዳት የምናመጣው ግን እኛው ነን፦ በፔስትራ፣ በቀለም፣ በሪላክሰር፣ ፀጉርን በልብስ ሳሙና በማጠብ። ከራስ ቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት ስለሌለው የተሰበረ ሽፋን ተመልሶ አይድንም፤ መሸፈን ብቻ ነው የሚቻለው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ ከሁለት ዓመት በላይ ፀሐይና ማበጠሪያ ያየ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ፀጉር ሥሩ ዝቅተኛ፣ ጫፉ ከፍተኛ ፖሮሲቲ ሊኖረው ይችላል።

እንዴት ይለያሉ?

አንድ ፀጉር ነቅሎ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ መጣል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አያስተማምንም፤ ቅባት የነካው ፀጉር ምንም ዓይነት ቢሆን ይንሳፈፋል። ይልቅ በሻምፑ ታጥበው ምንም ሳይቀቡ ይመልከቱ። ውሃው እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ከቆመና ፀጉርዎ ለመድረቅ ብዙ ሰዓት ከፈጀበት ወደ ዝቅተኛው ያደላል። ወዲያው ርሶ ቶሎ ከደረቀ፣ ሲዳስሱት ከሻከረና ከተቋጠረ ወደ ከፍተኛው።

እንክብካቤው

ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፦ ቅባት ውሃ አይደለም። ቅቤም ሆነ የጉሎ ዘይት በዋናነት የሚሠራው ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ መሸፈን ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ የሚሸፍነው ድርቀቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅባት።

ፖሮሲቲዎ ዝቅተኛ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ኮንዲሽነር ቀብተው በሞቀ ፎጣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠቅልሉት። ቅባቱን ያሳንሱ። ከፍተኛ ከሆነ ግን ከታጠቡ በኋላ የማይታጠብ ኮንዲሽነር፣ በላዩ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ያስፈልግዎታል። የኮኮናት ዘይት ከመታጠብዎ በፊት ቢቀቡት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ በእጥበት ጊዜ የሚጠፋውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ፔስትራውን ያቆዩት።

ውድ ነገር መግዛት የግድ አይደለም። ከመሳለሚያ እህል በረንዳ የሚገዛ ተልባ ለሁለቱም ይሆናል፦ ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ቀቅለው ሲወፍር ትኩሱን ያጥሉት፤ ሲቀዘቅዝ እርጥብ ፀጉር ላይ ይቀቡት። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ አያቆዩት። መርካቶ ውስጥ «ፀጉር ያሳድጋል» ተብሎ ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን ቅባት ግን አልመክርዎትም፤ ምን እንዳለበት ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

ችግሩ ፖሮሲቲ ካልሆነስ?

ፖሮሲቲ የፀጉሩ ጉዳይ ነው፤ የራስ ቆዳ በሽታ ሌላ ነው። የልጅዎ ፀጉር በክብ በክብ እየተመለጠ፣ ቆዳው እየተቀረፈና እያሳከከ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ይህ ፈንገስ ነው። ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ያስፈልጋል። እስኪድን ድረስ ማበጠሪያና ኮፍያ ለብቻ ይሁን። ፎሮፎር ላለበት ራስ ቆዳም ቅቤ ያባብሳል፤ ፎሮፎርን የሚያባብሰው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው።

የግንባርዎ ጠርዝ እየሳሳ ከሆነ ሹሩባውን ይጠይቁ። ሲሠራ ያመመ ሹሩባ ጠብቋል ማለት ነው። ቶሎ ካላሉት ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ላይመለስ ይችላል። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ የሚጀምር መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያቆማል፤ ድካምና የፊት መገርጣት አብሮት ካለ ግን የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ።

በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ እንደ አለርት ወዳለ የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይልኩዎታል። በቀጠሮዎ ቀን ሹሩባውን ፈትተው፣ ቅቤ ሳይቀቡ ይሂዱ፤ ሐኪሙ ቆዳውን ማየትና ከቅርፊቱ ናሙና መውሰድ ይፈልግ ይሆናል።