መሀል ላይ የሚቆም የዲስክ ፍተሻ

የዲስክ ፍተሻ (በዊንዶውስ «ቼክ ዲስክ») በሀርድ ዲስክ ላይ ያለውን የፋይሎች መዝገብ መርምሮ ስሕተቱን የሚያርም ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 በጫኑ አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ፍተሻው ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ ይጀምርና አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ የቀረ ሊመስል ይችላል።

በመቱ፣ በጎሬና በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመብራት መቆራረጥ ነው። አካባቢው በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው፤ ለከተሞቹ ኃይል ሲሰጥ የኖረው የሶር ማመንጫም 5 ሜጋ ዋት ያህል አቅም ያለው ትንሽ ጣቢያ ነው። ሆኖም ጥፋቱ ሁሉ የመብራት አይደለም። ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተሰናዳ ዲስክ መብራት ድንገት በሄደ ቁጥር ፍተሻ ሊጠይቅ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው አደረጃጀት ግን የለውጦቹን ማስታወሻ ስለሚይዝ ከአብዛኛው መቋረጥ ራሱን ችሎ ያገግማል። ስለዚህ ኤንቲኤፍኤስ ያለው ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ፍተሻ ከጠየቀ ዲስኩ ራሱ እያረጀ ይሆናል።

ቆመ የሚባለው ፍተሻ ብዙ ጊዜ አልቆመም። ቀላሉ ፍተሻ ሦስት ደረጃ አለው፤ የተበላሹ ቦታዎችን የሚፈልገው አምስት። አራተኛው የፋይሎቹን ይዘት፣ አምስተኛው ባዶውን ቦታ ያነባል። 160 ጊጋባይት ዲስክ በሰከንድ 40 ሜጋባይት እንኳ ቢነበብ ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ዲስኩ የተጎዳ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚሞክር ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ አይነቃነቅም።

ፍርዱን የሚሰጠው የዲስኩን ሥራ የሚያሳየው የኮምፒውተሩ ትንሽ መብራት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ መተው ይሻላል፤ እርማት ላይ እያለ ማጥፊያውን ተጭኖ መዝጋት መዝገቡን የባሰ ሊያፋልስ ይችላል። መብራቱ ጠፍቶ ዝም ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የዲስኩን ኬብል ነቅሎ መሰካት ወይም መቀየር ያስፈልጋል። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ፍተሻው ራሱ ጎጂ ነው፤ በሞት አፋፍ ያለ ዲስክ በተነበበ ቁጥር ይደክማል።

በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የፋይሎቹ ቅጂ፣ ከዚያ ፍተሻ። ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት በሚሰጡት ጥቂት ሰከንዶች ማንኛውንም ቁልፍ መጫን ያሳልፈዋል። ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ሊኑክስን ከፍላሽ ማስነሳት፣ ወይም ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በሁለተኛ ዲስክነት መግጠም ይቻላል። ፎቶና ሰነዱ ከወጣ በኋላ ለረጅሙ ፍተሻ መብራት የማይቆራረጥበትን ሌሊት መምረጥ ነው፤ ተራ ዩፒኤስ የሚያቆየው ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት አይደለም።

«ፎርማት ይደረግ» የሚለው የተለመደ ምክር የተጎዳ የዲስክ ገጽን አያድንም። ፍተሻው ባለቤታቸው የጠፋ የፋይል ቁርጥራጮችን ካገኘ «ፋውንድ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ስማቸው ስለሚቀየር ግን አንድ በአንድ እየከፈቱ መለየት ያስፈልጋል።